የጨርቅ ጭማሪ

እኛ የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ ደረሰኝ ላይ «የጨርቅ ጭማሪ» የምትባል መስመር ነበረች። ወገቧ ከመቶ ሴንቲ ያለፈ ደንበኛ ሁለት ሺህ ብር ትጨምራለች። የትም አልተጻፈም፣ ግድግዳ ላይም አልተለጠፈም። እትዬ (ባለቤቷን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ደንበኛዋ ከበር ስትገባ በዓይናቸው ይለኳታል፤ ሒሳብ ሲያሰሉ ያክሉባታል። የእኔ ሜትር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለማረጋገጫ።

ሥራዬ ልኬት መውሰድ ነው። እኔ እየለካሁ እጮኻለሁ፣ ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ትጽፋለች። ደረት! ወገብ! ዳሌ! ቁመት! ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ያውቃል፤ ሱቁ ጠባብ፣ ሰው ብዙ፣ ከውጭ የታክሲ ረዳት ጩኸት፤ ድምፄን ካላነሳሁ አይሰማም። ስለዚህ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ የስንቷን ወገብ በነፃ ሰምቶ አልፏል።

ሴቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ብልሃት አላቸው። አንዳንዷ ትንፋሿን ውጣ ትቆማለች፤ ሜትሩን እስካላላ ድረስ አትተነፍስም። አንዳንዷ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ ዘጠና ሁለት በይልኝ» ትለኛለች። ዘጠና ሁለት ብዬ እጮኻለሁ፤ ደብተሩ ላይ ግን ዘጠና ስምንት ይጻፋል። ከጸሐፊዋ ጋር በጣት ነው የምንግባባው። ሑዳዴ ሲቃረብ ደግሞ «ለፋሲካ ሠርግ ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ስለምመጣ አራት ሴንቲ አጥብባችሁ ስፉት» የምትል አትጠፋም። ሽሮና ዳቦ እየበላ የከሳ ሰው እስካሁን ሱቃችን አልመጣም። የውጭ አገሮቹ ልኬታቸውን በቴሌግራም ይልካሉ፤ ራሳቸው ናቸው የሚለኩት፣ ሜትሩን ሳብ አድርገው። ቀሚሱ በሰው እጅ ዋሽንግተን ወይ ዱባይ ይደርስና «ዚፑ አልዘጋም አለ፣ አጠበባችሁት» የሚል የድምፅ መልእክት ይመጣል። ለዚህ ነው በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ውስጥ የምንተወው። ቤቱን ያቆመው ያ ትርፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የእናቶቻችን ቀሚስ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረውም። ሰፋ ተደርጎ ይሰፋል፣ መቀነት ይታሰርበታል፣ አለቀ። ያረገዘችውም፣ የወለደችውም፣ የከሳችውም በዚያው ቀሚስ ትሄዳለች፤ ለእህት ለጎረቤት ይዋሳል። ወገብና ዳሌን ተከትሎ የሚሰፋው፣ ጀርባው ላይ ዚፕ ያለው ሲመጣ ነው ሴቲቱ ለቀሚሱ መለካት የጀመረችው። ሰውም ተለወጠ። እኔ ልጅ እያለሁ «ተመቸሽ፣ ወዝሽ ወጣ» ማለት ምርቃት ነበር፤ «ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነው እንዴ?» የተባለች ሴት ቤቷ ገብታ መስታወት ታያለች። በተለይ ኤች አይ ቪ ሰዉን በሚያስፈራበት ጊዜ መክሳት ሰፈር ሙሉ ያስወራ ነበር። አሁን ሱቃችን እናትና ልጅ ሲመጡ እናት «ሞላ ብላ ስታምር!» ትላለች፣ ልጅ ደግሞ እንባዋ ይመጣል።

ወደ ነገሬ ልግባ።

የነቢያት ጾም ላይ ነው፣ ለጥር ሠርግ የሚጣደፈው ሰው ሱቁን ሞልቶታል። አንዲት አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ከልጇ ጋር ገባች። የወንድሟ መልስ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መነን፣ አንድ ዓይነት ጥለት መርጠዋል። እናትየው ደንዳና፣ አጠር ያለች፣ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ናት። ልጅቷ አሥራ ስድስት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ እናቷን ከትከሻ በላይ ትበልጣታለች።

እናትየውን ስለካ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ለወፍራም ሴት እንዲህ ማድረግ ልማዴ ነው፤ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

«ለእሷ ስትለኪ ጮኸሽ አልነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ግዴለም፣ ትሰማኛለች» አልኳት።

«አይ፣ እንደ እሷው ጩኺልኝ።»

«ወገብ መቶ አሥራ አራት!» ብዬ ጮኽኩ። ጸሐፊዋ እንኳ ቀና ብላ አየችን።

ዋናው ግን ሒሳቡ ላይ መጣ። እትዬ ካልኩሌተሩን መታ መታ አደረጉና «ያንቺ ሃያ ሺህ፣ የልጅሽ አሥራ ስምንት ሺህ፣ የኔ ቆንጆ» አሉ።

«አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ነው። ያው ያንቺ ትንሽ ጨርቅ ይፈጃል።»

«ስንት ሜትር?»

እትዬ በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን የጠየቃቸው የለም። የሚከፍሉት ሴቶች ጭማሪዋን ሲያዩ ዓይናቸውን ሰብረው ቦርሳቸውን ነው የሚከፍቱት። ነገሩ እንዲራዘም አይፈልጉም፤ በሜትር የሚከራከር ስለ ወገቡ እያወራ ነዋ። እትዬ ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

«ትንሽ ነው እንግዲህ» አሉ።

«ትንሽ ከሆነ ሁለት ሺህ ምን ያደርጋል? እሺ ይሁን፣ እኔ ጨመርኩ። ለእሷስ ስንት ቀነሳችሁላት? የኔን ግማሽ አትሆንም እኮ።»

ልጅቷ «ማሚ፣ በናትሽ» እያለች የእናቷን እጅጌ ጎተተች። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ስልካቸውን ማየት ትተዋል። ሴትዮዋ ቁጣ የለባትም፤ ጉዳይ ሊያስፈጽም ቀበሌ እንደገባ ሰው ተረጋግታ ነው የምትጠይቀው። ከእትዬ መልስ ስታጣ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ እህቴ፣ ለኪዋ አንቺ አይደለሽ? ከኔና ከእሷ የማንኛችን ጥለት ይበዛል?»

እዚህ ላይ ሥራውን ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። በሐበሻ ቀሚስ ውድ የሚባለው ነጩ ጨርቅ አይደለም። ሸማኔው መወርወሪያውን ከእጁ ወደ እጁ ስለሚያቀብል የጨርቁ ስፋት ክንዱ ከደረሰበት አያልፍም፤ ለቀጭኗም ለወፍራሟም ያው ስፋት ነው የሚቆረጠው። ለወፍራሟ ጎንና ብብት ላይ ቁራጭ ይገባል። ያ ቁራጭ ከሌላ ቀሚስ የተረፈ ነው፤ ባይገባላት ኖሮ የሕፃን ልብስ ወይ የአሻንጉሊት ነጠላ ይሆን ነበር። የታችኛው ክሎሽ ለሁሉም ያው ዙሪያ ነው። ዋጋውን የሚያንረው ጥለቱ ነው። የጨንቻና የዶርዜ ልጆች ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አስገብተው፣ ክር በክር እየቆጠሩ የሚያወጡት እሱን ነው። እኛ ደግሞ ከደረት እስከ እግር ድረስ እናወርደዋለን። ስለዚህ ጥለት የሚፈጀው ረጅም ሰው ነው። ያቺ አሥራ ስድስት ዓመት ሸምበቆ ከእናቷ ይልቅ ነው የምታከስረን። ይህንን እኔ አውቃለሁ፣ ቆራጩ ያውቃል፣ እትዬ ከሁላችንም በፊት ያውቃሉ።

ሁሉም እኔን ያያል። እትዬም ያዩኛል። የቤት ኪራይ ትዝ አለኝ፣ የጥር ጉርሻ ትዝ አለኝ። ዝም ብል የሚያማኝ አልነበረም። አፌ ግን «ጥለት በቁመት ነው የሚሄደው» አለ።

ጸጥ አለ። ከዚያ እትዬ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «አንቺ፣ ካውያውን እዪ፣ ልብስ ሊያቃጥል ነው!» አሉ። ካውያው ከጠዋት ጀምሮ አልተሰካም ነበር። ሄጄ አየሁት።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተች። «ግዴለም፣ ሃያውን እከፍላለሁ» አለች። «ደረሰኙ ላይ ግን የጨርቅ ጭማሪ አትበሉ። ‹ወፍራም ስለሆነች› ብላችሁ ጻፉና ማኅተም አድርጉልኝ። ቤቴ ወስጄ መስታወቱ ላይ ነው የምለጥፈው።»

«ኧረ በሞቴ! እኔ እንዲህ ወጣኝ?» እትዬ ደረታቸውን ያዙ። «መሙላት እኮ ውበት ነው፣ የኔ እናት!»

«ውበት ከሆነማ ሊቀነስልኝ ነው የሚገባው።»

ቆራጩ መቀሱን ጥሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ሳቁ ግን በቆርቆሮው በኩል ይሰማል። እትዬ ሁለቱንም አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት አድርገው ጻፉ።

የእትዬን ልኬት በቃሌ ነው የማውቀው። በየዓመቱ ለመስቀልና ለጥምቀት የምለካቸው እኔ ነኝ። የደንበኛ ልኬት የሥራ ምስጢር ስለሆነ አልናገርም። ከመቶ አሥራ አራት በሁለት ጣት እንደሚበልጥ ብቻ ማወቅ ይበቃል።

በማግስቱ የሱቁ ወሬ ይኸው ሆነ። ጸሐፊያችን የቲክቶክ ሰው ናት፤ ስልኳን አውጥታ አሽሊ ግራሃም የምትባለውን አሜሪካዊት ሞዴል ለእትዬ አሳየቻቸው። በፈረንጆቹ 2016 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት በዋና ልብስ ዕትሙ ሽፋን ላይ ያወጣት፣ ወፈር ያለች ሴት ናት። «ይኸው እትዬ፣ ዓለም የት ደርሷል! እኛ ገና እናስከፍላለን» አለቻቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን በደንብ መረመሩ።

«ይቺማ ምን ጨርቅ ፈጀች?» አሉ።

ቢሆንም ነገሩ ሆዳቸው ገብቶ ነበር መሰለኝ፣ ጥር ሳይገባ የጨርቅ ጭማሪ የምትለዋ መስመር ቀረች። አሥራ ስምንት የነበረው ቀሚስ ለሁሉም ሃያ ሆነ። ቀጫጮቹ ምንም አላሉም፤ አያውቁማ። ጸሐፊዋ ቪዲዮ ቀረጸች። እትዬ እዚያ ላይ ፈገግ ብለው «እኛ ጋ ሰውነት አይለይም፣ ለሁሉም አንድ ዋጋ!» ይላሉ፤ ሐሳቡ ሲፈልቅ ጀምሮ የእሳቸው እንደነበር ሁሉ። ከኋላቸው የቆሙት አሻንጉሊቶች ቀሚሱ ስለሚሰፋቸው ጀርባቸው በመርፌ ቁልፍ ተሸብቧል፤ ካሜራው ከፊት ስለሆነ አይታይም። ወፈር ያለ አሻንጉሊት እንግዛ ብዬ ነበር። «ቦታ ይይዛል» አሉኝ። ዕይታው ብዙ ነው፣ ከሥሩ ልብ የሚልኩ ሴቶችም ብዙ ናቸው። እኔ የጥር ጉርሻዬ ሳስቶ ነው የደረሰኝ፤ ስለ ካውያው ይሆናል።

ሴትዮዋ ለሙከራ ስትመጣ ጀግናዬ ሆና ነው የጠበቅኳት። ቀሚሱ ተዋበላት፤ እውነቴን ነው፣ ጥለቱ ደረቷ ላይ ቁጭ ሲል ከልጇ ይልቅ እሷ ላይ ያምራል። መጋረጃውን ዘግቼ ዚፑን ስስብላት ትንፋሿን ውጣ ቆመች። መስታወቱን ወደ ጎን ሆና አየች፣ ዞራ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እህቴ፣ ወገቡ ጋ ትንሽ ብታጠብቢው ቀጠን አያደርገኝም?»

ምን እላለሁ? ያች በሰው ሁሉ ፊት ጩኺልኝ ያለችኝ ሴት ናት። አንድ ቃል ልናገራት ከጀለኝ፤ ደግሞ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት። እኔም መታወቂያ ላይ ፎቶ ስነሳ ጉንጬን ወደ ውስጥ እስባለሁ። አንድ ጣት አጠበብኩላት፣ ትርፉን ሳልቆርጥ ውስጥ ተውኩት። «በጣም ነው የጠበበው?» ስትለኝ «ልክክ ነው ያለው» አልኳት። ልጅቷ ከመጋረጃው ውጭ ሆና «ማሚ፣ ጨረስሽ?» ትላለች፤ እናትየው መልሳ «አንቺ ደግሞ ትንሽ እህል ቅመሺ፣ ቀሚሱ ተንጠልጥሎብሻል!» ብላ ጮኸችባት።

ከሠርጉ በኋላ ልቀቂልኝ ብላ መምጣቷ አይቀርም ብዬ ስጠብቃት ነበር። አልመጣችም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ለአዲስ ዓመት፣ የመጣችው ልጅቷ ናት፣ ብቻዋን። በስምንት ወር ውስጥ ተመዝዛ ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቷን ለቆ ወጥቷል። ከታች ለመቀጠል ጥለቱ ከዚያው ከመጀመሪያው ሸማኔ መታዘዝ አለበት፤ ቀለሙ ካልገጠመ ያስታውቃል።

እትዬ ካልኩሌተሩን መታ መታ አደረጉና ሦስት ሺህ አምስት መቶ አሉ። ልጅቷ እናቷ አይደለችም፤ ቴሌብር ከፍታ ላከች፣ አመስግና ወጣች።

እኔ ሳላውቀው ዓይኔ ደረሰኙ ላይ ቆይቷል መሰለኝ፣ እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ቀና አሉ። «ምን ታያለሽ? ጥለት እኮ በቁመት ነው የሚሄደው» አሉኝ፣ እንደማላውቅ ሁሉ።