ዕድሜውን ከእንጨቱ መለየት፦ ከሲንግል ግሬን ውስኪ ጋር ሁለት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ ጠርሙሶቹን ደብቃ ከቀዳችልኝ አራት የስኮትላንድ ሲንግል ግሬን ውስኪዎች የሁለቱን ዕድሜ በትክክል ለየሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን አቀያየርኳቸው። ከዓመት በፊት በተመሳሳይ ፈተና አራቱንም ስቼ ስለነበር ውጤቱ አኩርቶኛል፤ ስለዚህ በዚሁ ነገር ለምትደክሙ ሁሉ የመጣሁበትን መንገድ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። «ሲንግል» የሚለው ቃል ከአንድ ዓይነት እህል የተሠራ ማለት መስሎኝ ብዙ ቆይቻለሁ፤ የሚያመለክተው ግን መጠጡ ከአንድ ፋብሪካ መውጣቱን ነው። እህሉ ከገብስ ብቅል ጋር የተደባለቀ በቆሎ ወይም ስንዴ ሊሆን ይችላል። የምኖረው ኤድንብራ ውስጥ ነውና እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተው ኖርዝ ብሪቲሽ ፋብሪካ ባለበት በጎርጊ ሰፈር ሳልፍ የተቀቀለ እህል ሽታ ይቀበለኛል። የእናቴን የጠላ ድፍድፍ ያስታውሰኝ ስለነበር ወደዚህ ነገር የሳበኝም ይኸው ሽታ ነው።

ዓመት ሙሉ ያታገለኝ ችግር አንድ ነው፤ ዕድሜ የሰጠውንና የበርሜሉ እንጨት የሰጠውን ጣዕም መለየት አለመቻሌ። ግሬን ውስኪ የሚወጣው ኢኒያስ ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዓይነት ረጅም የዓምድ ማንጠሪያ ነው። ማንጠሪያው እንደ አገራችን አረቄ በየጊዜው እየተሞላና እየተገለበጠ ሳይሆን ያለማቋረጥ ስለሚሠራ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ሕጉ እስከሚፈቅደው 94.8 በመቶ አልኮል ድረስ ይጠጋል። ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠራው ሞልት ውስኪ በመዳብ ድስት ሲነጠር ግን 70 በመቶ አካባቢ ስለሚቀር ከእህሉ የመጣውን ጣዕም ይዞ ይወጣል። ግሬኑ ይዞት የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ፣ በርሜሉ ገና በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቫኒላና በኮኮናት መዓዛ ይሸፍነዋል። እኔም ቫኒላ ቫኒላ ያለኝን ሁሉ «ያረጀ» እያልኩ እጽፍ ነበር።

ከዓመት በፊት ያሳፈረኝም ይኸው ነው። የ30 ዓመት ነው ብዬ በደብተሬ ገጽ ሙሉ ያሞገስኩት የ12 ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ ከወጣለት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የስኮትላንድ ውስኪ የተሞላበት በርሜል ውስጥ የቆየ ነበር። እውነተኛው ባለ 30 ዓመት ከኢንቨርጎርደን ፋብሪካ የወጣ ሲሆን፣ ደጋግሞ አገልግሎ እንጨቱ በደከመ በርሜል ውስጥ ስለቆየ ቫኒላው ለዘብ ያለ ነበርና «ገና ወጣት» ብዬ ጥዬዋለሁ። ከዚያ በፊት የጻፍኳቸውን ማስታወሻዎች ሳገላብጥ፣ በአፍንጫዬ ያገኘሁ ይመስለኝ የነበረው አብዛኛው ነገር ከጠርሙሱ ወረቀት ላይ ያነበብኩት ቁጥር ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ መሣሪያ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት ሲሪንጅ ነው። ቀማሚዎች ናሙናቸውን ወደ 20 በመቶ ገደማ አቅጥነው እንደሚያሸቱ ሳውቅ እኔም እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። ባለ 48 በመቶውን 10 ሚሊ ሊትር በ14 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ባለ 46 በመቶውን ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር በ13 ሚሊ ሊትር ውኃ አቀጥነዋለሁ። ብርጭቆውን ለሩብ ሰዓት በስኒ ማስቀመጫ ከድኜ ካቆየሁት በኋላ የአልኮሉ ግፊት ስለሚበርድ፣ ከጣፋጩ ሥር ያለው ነገር ብቅ ይላል። በወጣቱ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ስለታም ሽታ ወዲያው ይወጣል፤ ቫኒላው ሸፍኖት የነበረው እሱን ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ያ ስለት ረግቦ የበሰለ ሙዝን ወደሚመስል መዓዛ ይጠጋል፤ ምላስ ላይም ሲያርፍ ቅባት ቢጤ ይሰማል። አፍን አኮማትሮ የሚያደርቅ ከሆነ ግን እንጨቱ መጠጡን አሸንፎታል ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ዕድሜው 40 ቢሆን እንኳ ከፍ አድርጌ አላየውም።

ውኃ መጨመር ውስኪን መግደል ነው ለሚሉት ጆሮ አትስጡ፤ ለመጠጣት እንደወደዳችሁ ጠጡ፣ ለመፍረድ ግን አቅጥኑ። በቀለሙም አትፍረዱ፤ ሕጉ በካራሜል ማቅለምን ስለሚፈቅድ መጥቆሩ ስለ ዕድሜው የሚመሰክረው ነገር የለም። ከ100 ነጥብ መስጠትንም አልወደውም፤ በ87 እና በ88 መካከል ያለውን ልዩነት አፍንጫው የሚያውቅለት ሰው ካለ ያስተምረኝ። ይህን እያልኩ የራሴ ደብተር እስከ ባለፈው ጥር ድረስ በነጥብ የተሞላ መሆኑን አልክድም። ቡና ተፈልቶ እጣን በጨሰበት ክፍል ውስጥ ቀምሼ «ደስ የሚል የጭስ ሽታ አለው» ብዬ የጻፍኩትም ገጽ እስካሁን አለ።

ከሁሉ በላይ የማምነው ግን ባዶ ብርጭቆን ነው። ሳይታጠብ አድሮ ጠዋት ሲሸተት፣ ወጣቱ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ብቻ ይተዋል፤ አሮጌው ደግሞ ማርና ሰም፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተለኩሶ የጠፋ ጧፍ የመሰለ ሽታ ያስቀራል። በዚህ ምልክት በጣም ስለተማመንኩ እሑድ ጠዋት፣ ባለቤቴ መልሱን ሳትነግረኝ በፊት፣ አራቱን ብርጭቆዎች እንደገና አሸተትኩ። የ8 እና የ12 ዓመቶቹ ላይ ማታ የጻፍኩትን አልቀየርኩም፤ ትክክልም ነበርኩ። ከቀሩት ሁለቱ መካከል ጧፍ ጧፍ ያለኝን «ባለ 30» ብዬ አጸናሁት። ባለ 21 ዓመቱ ነበር፤ ዋጋው የሌላኛው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ብርጭቆዎች እስከ ማክሰኞ ሳላጥባቸው በየጠዋቱ አሸተትኳቸው፤ ጧፉ አሁንም ያለው በዚያው በ21 ዓመቱ ላይ ነው።