ሁለቱ 1147

ጥር ላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ። የጤፍ ውቂያ አልቆ፣ መጋዘኑ ደጃፍ በአህያና በጋሪ ተጨናንቋል። አንድ የጎዛምን አዛውንት ሁለት ደረሰኝ ይዘው ቢሮዬ ገቡ።

«ልጄ፣ ይኼ ቁጥር የኔ ነው የእኒያ ሰውዬ?»

ጎን ለጎን ዘረጉልኝ። ሁለቱም 1147። አንዱ ላይ 3 ኩንታል ነጭ፣ ሌላው ላይ 5 ኩንታል ሰርገኛ።

ቁጥር የሚሰጠውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሚዛን አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም)፣ ሁለቱም አንድ ሰርቨር ላይ። የቁጥሩ ፋይል ግን አንድ ነው። ቀድሞ የደረሰው ፋይሉን ይቆልፋል፣ አንድ ጨምሮ ይጽፋል፣ ይለቃል። ሌላው ይጠብቃል። ሁለት ዓመት እንከን አልነበረውም።

ሳምንት በፊት ግን ኮዱ አስጠላኝና «ላጽዳው» አልኩ። ፋይሉን ከፍታ፣ ቁጥሩን አንብባ፣ መልሳ የምትዘጋ አንዲት ቆንጆ ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ጻፍኩ። ከቆለፍኩ በኋላ እሷን እጠራለሁ። ምን ችግር አለው?

ማታ ከፈንክሽኗ ቀጥሎ ፕሮግራሙን 30 ሰከንድ የሚያስቆም መስመር ጨምሬ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) የሎክ፣ ማለትም የቁልፍ፣ ዝርዝር፣ ፕሮክ ሎክስን፣ ከፈትኩ። ሎኬ የለም! ማንም ሳይለቀው ጠፍቷል። ሁለቱ ሚዛኖች እኩል ገብተው ያንኑ ቁጥር ማንበብ የቻሉት ለዚህ ነው።

ነገሩ የፖዚክስ፣ ሊኑክስን የመሰሉ ሲስተሞች የሚከተሉት ስታንዳርድ፣ ሕግ ነው። ሎኩ የፕሮሰሱ ነው እንጂ የፋይል ዲስክሪፕተሩ (ፋይል ስትከፍት የሚሰጥህ መያዣ ቁጥር) አይደለም። ያው ፕሮሰስ ያንኑ ፋይል በሌላ በኩል ከፍቶ ከዘጋ፣ በፋይሉ ላይ የያዘው ሎክ በሙሉ ይወርዳል። የፊት በርህን ቆልፈህ፣ ልጅህ የጓሮውን በር ዘግቶ ሲወጣ የፊቱ ቁልፍ ወልቆ ቢወድቅ ማለት ነው። ማኑዋሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። አላነበብኩትም።

የሊኑክስ ሰዎች ሕጉን ያውቁታል። በ2014 እ.ኤ.አ. በከርነል ስሪት 3.15 ከከፈትከው ፋይል ጋር የሚታሰር ሌላ ዓይነት ሎክ ጨመሩ። በ2024 ደግሞ በስሪት 6.9 የፋይል ሎክንና ሊዝን (ሌላ ፕሮሰስ ፋይሉን ሊከፍት ሲል የሚያሳውቀውን) አብሮ ይሸከም የነበረውን ስትራክት፣ ማለትም የመረጃ መዋቅር፣ ለያዩት። ትልቅ ጽዳት ነው። የድሮውን ክፉ ጠባይ ግን አልነኩትም፤ እሱን ተማምኖ የሚኖር ፕሮግራም አይጠፋማ። እኔ ግን አምስት መስመር ለማሳጠር ብዬ ወፍጮ ቤት የሚያህል ጣጣ አመጣሁ።

በአዲሱ ሎክ ቀየርኩት። አንድ ቃል ብቻ ነው የተለወጠው።

ደረሰኞቹን 1147 ሀ እና 1147 ለ ብዬ በእጄ አስተካከልኩ። አዛውንቱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ማኅተም ምታበት» አሉኝ።