ፍየል ያልሆነው የግቢ ፍየል

ነገሩ የጀመረው በኮፍያ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ደሞዝ የለውም፤ ሻይና ዳቦ አለው። አንድ ጠዋት አሥር ዓመት ቢሆነው የሚሆነው ተማሪዬ ኮፍያ አድርጎ መጣ። ኮፍያው ላይ ፍየል የቤዝቦል ዱላ ያኝካል። "ጋሼ፣ ያርድ ጎትስ በአማርኛ ምንድን ነው?" አለኝ።

ምን ያስቸግራል? "የግቢ ፍየሎች" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ቀንድና ጢም ያለው ሥዕልም ጨመርኩበት። ክፍሉ በሳቅ ደመቀ፣ እኔም ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ቡድኑ ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ያርድ ጎት ፍየል አይደለም።

ያርድ ጎትስ የሃርትፎርድ፣ ኮኔቲከት የቤዝቦል ቡድን ነው። ስሙ የድሮ የባቡር ሠራተኞች አነጋገር ነው። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎዎችን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እየገፋች የምታደራጅ ትንሽ ሎኮሞቲቭ አለች። ሩቅ አገር አትሄድም፣ ተሳፋሪም አይሸኛትም፤ እዚያው ስትገፋና ስትጎትት ትውላለች። እሷን ነው የግቢ ፍየል የሚሏት። የሚያስቀው ደግሞ ቡድኑ በዚህ ስም መጫወት በጀመረበት በ2016 ስታዲየሙ አልቆ አልደረሰለትም። ዓመቱን በሰው ሜዳ ሲንከራተት አሳለፈ። ግቢ የሌለው የግቢ ፍየል ማለት ይህ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዷ ልጅ "ታዲያ ሌሎቹስ?" አለች። እንዲህ ሆኖ በየሳምንቱ የአንድ ቡድን ስም መፍታት ጀመርን። የምናወራው ስለ ማይነር ሊግ ነው፤ ከትልቁ የቤዝቦል ሊግ በታች ያሉት ቡድኖች። ከ2021 ጀምሮ 120 ናቸው፤ ለ30ዎቹ ትልልቅ ክለቦች ለእያንዳንዳቸው አራት አራት። ተጫዋቹን የሚመድበውም የሚወስደውም ትልቁ ክለብ ነው። ዛሬ ያጨበጨብክለት ልጅ በሳምንቱ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የከተማው ቡድን በኮከብ ተጫዋች ስም ትኬት መሸጥ አይችልም። የሚሸጠው ሳቅ፣ ኮፍያና የራሱን ስም ነው። ብዙ ጊዜ ስሙን የሚጠቁመው ሕዝቡ ነው፤ ውድድር ይወጣል፣ ነዋሪው ሐሳቡን ይልካል።

መጀመሪያ ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ ነበር የምሠራው። ስሙን እተረጉማለሁ፣ ከዚያ ትርጉሙን አሳምራለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተዋረድኩ በኋላ ተውኩት። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህች ከተማ እንጀራዋን ትበላ የነበረው በምን ነው?

ይህን ያስተማሩኝ አሳማዎች ናቸው። አለንታውን፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ የሚጫወት አይረንፒግስ የሚባል ቡድን አለ። የብረት አሳማዎች ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት "ስንት እንስሳ ሞልቶ አሳማ!" አሉ፤ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ ከምራቸው። ነገር ግን ከአለንታውን አጠገብ ቤተልሔም የምትባል ከተማ አለች፤ የታላቁ የቤተልሔም ስቲል ፋብሪካ አገር። ድሮ ብረት ከማዕድኑ ሲቀለጥ፣ ቀልጦ የሚወጣው በአሸዋ ላይ በተቆፈረ ረጅም ቦይ ይፈስሳል። ከቦዩ ግራና ቀኝ ትናንሽ ጉድጓዶች ይሞላሉ። ከላይ ሲያዩት ተጋድማ ግልገሎቿን የምታጠባ አሳማ ይመስላል። በዚያ ምክንያት ያልተጣራው ብረት "ፒግ አይረን" ተባለ። ቡድኑ ቃሉን ገለበጠው። ቤተልሔም ውስጥ ብረት ማቅለጡ በ1995 ቆሟል። ቡድኑ ሲመጣ ምድጃዎቹ ከቀዘቀዙ ዓመታት አልፈው ነበር። ይህን ስናገር ልጆቹ ዝም አሉ። እናትየዋ ግን አሁንም አሳማውን አልወደዱትም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀለለ። አክረን፣ ኦሃዮ የመኪና ጎማ ከተማ ስለነበረች የጎማ ዳክዬዎች አሏት። ላንሲንግ፣ ሚሺጋን መኪና ትሠራለች፤ ቡድኗ ላግናትስ ነው። ለዚህኛው እኔ ቃል አጥቼ ስንተባተብ ታክሲ የሚነዳ አንድ አባት ከበሩ ላይ "የጎማ ዳዶ ነዋ!" ብሎ ገላገለኝ።

ደርሃም፣ ኖርዝ ካሮላይና ላይ ግን እንደገና ወደቅኩ። ቡድኑ በ1902 ሲመሠረት ስሙ ትምባሆ ሠሪዎች ነበር፤ በ1913 ቡልስ ሆነ። ኮርማዎች። (በሬዎች አላልኩም፤ የገጠር ልጅ ነኝ፣ ልዩነቱን አውቃለሁ።) ኮርማው የከተማዋ ዝነኛ ትምባሆ የቡል ደርሃም ምልክት ነበር። የትምባሆው ባለቤት ደግሞ ምልክቱን ያገኘው ከእንግሊዝ ከመጣ የሰናፍጭ ዕቃ ላይ እንደሆነ ይተረካል። ከሰናፍጭ ወደ ትምባሆ፣ ከትምባሆ ወደ ቤዝቦል። እንዲህ ዓይነት የስም ጉዞ በጣም ደስ ይለኛል፤ ስለዚህም ሳላጣራ አንድ እርምጃ ጨመርኩበት። ተቀያሪ ኳስ ወርዋሪዎች የሚያሟሙቁበት ቦታ "ቡልፔን"፣ የኮርማ በረት፣ የተባለው በየሜዳው አጥር ላይ ከተሰቀለው የዚሁ ትምባሆ ማስታወቂያ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ታሪክ ነው። በኋላ ሳይ ቃሉ በ1877 ጋዜጣ ላይ፣ ተመልካች ታጉሮ የሚቆምበትን ቦታ ለመጥራት፣ ውሎ ይገኛል። ማስታወቂያዎቹ ገና አልተሰቀሉም ነበር። እንደገና ይቅርታ። ልጆቹ ለምደውታል።

የእንጀራ ጥያቄዬ የማይሠራበትም አለ። የቶሊዶ ማድ ሄንስ፣ የጭቃ ዶሮዎች፣ ስሙን ያገኘው በ1896 ይጫወትበት ከነበረው ሜዳ አጠገብ ባለው ረግረግ ከሚርመሰመሱ የውሃ ወፎች ነው። የአልበከርኪ አይሶቶፕስ ደግሞ ከሲምፕሰንስ ካርቱን የመጣ ነው። በ2001 በወጣ አንድ ክፍል የካርቱኑ ቡድን በስውር ወደ አልበከርኪ ሊዛወር ነበር። በ2003 እውነተኛው ከተማ እውነተኛ ቡድን ሲያመጣ ነዋሪው ያንኑ ስም መረጠ። አላባማ ውስጥ የሮኬት ከተማ ከምትባለው ከሃንትስቪል አጠገብ ያለው ትራሽ ፓንዳስስ? ትራሽ ፓንዳ በቀልድ ራኩን ማለት ነው። አንዱ አባት "ያ ሌሊት ጋርቤጃችንን የሚገለብጠው ሌባ?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ እሱ። እዚህ ጠፈርተኛ ሆኗል።

አንድ ቀን ልጆቹ የኢትዮጵያ ቡድኖችም እንዲህ አላቸው ወይ አሉኝ። የአርባ ምንጭን ነገርኳቸው፤ አዞዎቹ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩም። የጫሞን ሐይቅ ፎቶ አሳየኋቸው፣ ራሳቸው ደረሱበት።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ወደ ሄገርስታውን ጨዋታ ለማየት ሄድን። ቅርባችን ነው፣ እዚያው ሜሪላንድ። ቡድኑ በ2024 የጀመረ ነው፤ ስሙ ፍላይንግ ቦክስካርስ፣ በራሪ ፉርጎዎች። ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ አላነበብኩም ነበር፤ ዘዴዬን ግን ተማምኛለሁ። ከተማዋ የባቡር መገናኛ እንደነበረች አውቃለሁ። ስለዚህ አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ ስለ ባቡር አስረዳሁ። "በራሪ" ያሉት ለፍጥነቱ ነው አልኩ።

የአንዷ ተማሪ አያት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ልጅቷን ያመላልሳሉ፤ ብዙ አይናገሩም። ዘወር ብለው "ባቡር አይደለም ልጄ። አውሮፕላን ነው" አሉኝ።

አያትየው ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ በጥገና ነው። ሲ-119 የሚባል የጭነት አውሮፕላን ነበረን አሉ፤ ፍላይንግ ቦክስካር የእሱ ስም ነው። የሠራውም ፌርቻይልድ የሚባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ፋብሪካው እዚሁ ሄገርስታውን ነበር። እስክሪብቶዬን ተቀብለው በናፕኪን ላይ ሣሉት፦ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ጭራ፣ መሃል ላይ ወፍራም ሆድ። ልጆቹ ከየወንበራቸው ተነስተው ከበቧቸው። እኔም ማይክሮፎኑን ሰጠኋቸው።

ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም። አያትየው ግን ሲመለሱ የቡድኑን ኮፍያ አድርገው ነበር።