ማይክልን ሥራ ላይ ሳየው

ሰሞኑን ማታ ማታ ማይክል ጃክሰን ያለባቸውን ፊልሞች እያሳደድኩ አያለሁ። ልቤን የሚነካው ሲተውን ሳይሆን ሲሠራ መሆኑ ገባኝ።

ትወናውን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ዘ ዊዝ» ላይ የወፍ ማስፈራሪያ ሆኖ ሲጫወት ያሳዝናል። ቀረጻው ላይ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ዋናዋ ተዋናይ ዳያና ሮስ ናት። ፊልሙ ገበያ አልቀናውም፤ ግን ማይክልንና የሙዚቃ አቀናባሪውን ኩዊንሲ ጆንስን ያቀራረበው እሱ ነው። በዓመቱ «ኦፍ ዘ ዎል» የተባለውን አልበም አብረው ሠሩ። ስለዚህ ያ ፊልም ባለውለታችን ነው። የ1988ቱ «ሙንዎከር» ግን ከጭፈራው በቀር አልያዘኝም።

«ዚስ ኢዝ ኢት» ሌላ ነገር ነው። ለንደን ላይ ሊያቀርባቸው ለነበሩት 50 ኮንሰርቶች ያደረገው ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2009 ሞተ፤ ፊልሙ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወጣ። ሙዚቀኞቹን ሲያርም ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሚፈልገውን እስኪያገኝ ግን አይለቃቸውም። ድምፁን መቆጠብ ሲገባው ዘፈኑ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ «ለምን ታዘፍኑኛላችሁ» ብሎ ይቆጣል። እዚህ ጋ ደጋግሜ አየሁት።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ዘ ግሬተስት ናይት ኢን ፖፕ» ደግሞ ለረሃቡ እርዳታ የተዘፈነው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተቀረጸበትን ሌሊት ያሳያል። ዕለቱ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። እኛ «የሰባ ሰባት ድርቅ» የምንለው፣ ወሎና ትግራይ ላይ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ዘመን። ሐሳቡን ያመጣው ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ነው፤ ዘፈኑን የጻፉት ማይክልና ላየኔል ሪቺ። ሌሎቹ ዘፋኞች የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ እያሉ ማይክል ቀድሞ ሆሊውድ ስቱዲዮ ገብቷል። ማይክራፎኑ ፊት ብቻውን ቆሞ አዝማቹን ይዘፍናል። ታዳሚ የለ፣ ጭብጨባ የለ። እንደዚያ ሆኖ ሲዘፍን እንባዬ መጣ።

በኋላ ከ40 በላይ ዘፋኞች ሞሉት። ስቲቪ ዋንደር በስዋሂሊ የሚዘፈን ስንኝ ይግባ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ እንደማይነገር ተነስቶ ሐሳቡ ቀረ። ደግ አደረጉ።

የዚያን ሌሊት ስቲቪ የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችም ስቱዲዮው ውስጥ ነበሩ። ስለ ሀገራቸው አመሰገኑ፤ ከዘፋኞቹም ያለቀሱ ነበሩ። ከሁሉም በላይ የማስበው እነሱን ነው። ሀገር ቤት ማን ነበራቸው? ከዚያ ክፍል ወጥተው ወዴት ሄዱ? ከማይክል ምስሎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል፣ እነዚያን ሴቶች ሲያዳምጥ የነበረውን ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ስለዚያ ሌሊት ዶክመንተሪ የሚሠራ የሀገሬ ልጅ ካለም፣ እባክህ ከሴቶቹ ጀምር።