ቀብድ የማያስይዙ ቀጠሮዎች

በግሉ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ቀኑን የሚሰጠው ቀብድ ላስያዘ ነው፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ደንቡ ለሥራው ጥሩ ነው፤ ለኑሮ ግን መዘዝ አለው። ጓደኛ ቀብድ አያስይዝም፣ ውሻም አያስይዝም፣ ለራስህ ያሰብከው ጉዞም እንዲሁ። ስለዚህ ደንበኛ በደወለ ቁጥር ከቦታቸው የሚነሱት እነሱ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሌላው ሰው የሚያርፍበት፣ እኛ የምንሠራበት ነው። ጓደኞቼ ተሰባስበው ሲሳሳቁ እኔ የማላውቀው ሰው ሰርግ ላይ የሙሽራዋን ቬሎ አስተካክላለሁ።

ይህን ያቃለልኩበት መንገድ የሚያስቅ ዓይነት ነው፤ ራሴን ደንበኛ አደረግሁ። የዓመቱን መርሐ ግብር ስከፍት ከማንም በፊት የጓደኞቼን ልደት፣ አብረን የምንሄድበትን ጉዞና የውሻዬን የክትባት ቀን አስገባለሁ። ቀለማቸውም ከሥራው ቀጠሮ ጋር አንድ ነው። ቀለሙ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ብልሃቱ ያለው እሱ ላይ ነው፤ "የግል" ተብሎ በፈዛዛ ቀለም የተጻፈን ነገር ዓይን ባዶ ቦታ አድርጎ ያልፈዋል። ደንበኛ ሲደውል "ያ ቀን ተይዟል፣ ቀጣዩ ይሆንልሃል?" እላለሁ። በማን ተያዘ ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም።

ይህ የሚያዋጣው ታዲያ ዋጋህን ስትተምን የማይታየውን ሰዓት ከቆጠርክ ነው። ከአንድ ቀን የፎቶ ሥራ ጀርባ መምረጥ፣ ኤዲት ማድረግ፣ ማስረከብ፣ "ይቺን ትንሽ ብሩህ አድርግልኝ" እየተባባሉ መጻጻፍ አለ። እነዚያ ሰዓታት ዋጋው ውስጥ ካልገቡ ከሌላ ቦታ ይቆረጣሉ፤ የሚቆረጡትም ከጓደኛና ከእንቅልፍ ላይ ነው።

ጓደኞችን በተመለከተ ሌላም ጣጣ አለ። ፎቶ አንሺ ጓደኛ ያለው ሰው "ካሜራህን ይዘህ ና" ሳይል አይጠራህም። እኔም መልስ አዘጋጅቼለት ነበር፤ "የጠራችሁት ማንን ነው፣ እኔን ወይስ ካሜራውን?" እላለሁ። አንዱ ምንም ሳያፍር "ካሜራውን፤ ከፈለግክ አንተም አብረኸው መምጣት ትችላለህ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ስምምነት ይህ ነው፦ መጀመሪያው ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ገና ሲገባና ሲሳሳም፣ አነሳለሁ። ከዚያ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ እኔ እንግዳ እሆናለሁ። ሙሉ ቀን እንድሠራላቸው ከፈለጉ ግን እንደማንኛውም ደንበኛ እንነጋገራለን። በዚህ የተቀየመኝ ሰው አለ፤ ግን ከቅያሜው የሚከብደው ጓደኛህ ቤት ተጋብዘህ ሄደህ ከማንም ጋር ሳታወራ መመለስ ነው።

ለዚያች አንድ ሰዓት የሥራ ዕቃዬን አልወስድም። ትንሽ ካሜራና አንድ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ እይዛለሁ። ትልቅ ዙም ሲደገንባቸው በጣም የሚወዱኝ ሰዎች እንኳ ፊታቸውን እንደ ፓስፖርት ፎቶ ያደርጉታል። ማታ ቤት ውስጥ ከሆነ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ላይ፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ላይ አድርጌ ፍላሹን እተወዋለሁ። ፎቶው ትንሽ ይሻክራል፤ ይሻክር። ሰው የሳቀበት ቅጽበት በኖይዝ፣ ማለትም በዚያ ሻካራነት፣ ተበላሽቷል ብሎ ያዘነ ጓደኛ አላየሁም፤ በኖይዝ የሚያዝን ሌላ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው።

እንደ ዣክ ኦንሪ ላርቲግ የሚያበረታኝ ሰው የለም። በ1894 እ.ኤ.አ. የተወለደው ይህ ፈረንሳዊ ገና በልጅነቱ ካሜራ ይዞ ዘመዶቹንና ጓደኞቹን ሲዘሉ፣ ሲሮጡ፣ ሲወድቁ እያነሳ ኖረ። ዓለም በፎቶ አንሺነቱ ያወቀው የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራዎቹን ሲያሳይ ነው፤ ያኔ ዕድሜው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ሁሉ ያነሳው ደስ ስላለው ነው።

ያነሳሁትን አሳትሜ እሰጣለሁ። ስልክ ላይ የተላከ ፎቶ በማግስቱ ከሌላው ኮተት ሥር ይቀበራል፤ በእጅ የተሰጠ ግን ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። 10 በ15 ሴንቲሜትር ለሆነ ህትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሚያስፈልገው 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ነው፣ ማለትም 2 ሜጋፒክስል አካባቢ። ስለዚህ የአሮጌ ስልክ ፎቶም ይበቃል፤ "ጥሩ ካሜራ የለኝም" የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

ወደ ውሻዬ ልምጣ። ጥቁር ነው፤ ጥቁር ውሻ ማንሳት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ፍሬሙን ጥቁር ፀጉር ሲሞላው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ውሻው አመድ ላይ የተንከባለለ መስሎ ይወጣል። አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ፣ ቀንሼ ነው የማነሳው። መስኮት አጠገብ አስተኛዋለሁ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ከሩቅ አንድ ወጥ ጥቁር የሚመስለው ፀጉር ዘለላ በዘለላ ይለያል። እኔም ወለሉ ላይ በደረቴ እተኛለሁ፤ ከቆምክበት ወደ ታች የተነሳ ውሻ ትልቅ ጭንቅላትና ትንንሽ እግሮች ብቻ ነው። ፎከስ የማደርገው ለእኔ በሚቀርበው ዓይኑ ላይ ነው። ችግሩ፣ እኔ ስተኛ ጨዋታ የተጀመረ መስሎት ይመጣና ሌንሱን ይልሰዋል። ለዚህ ያገኘሁለት መላ የለም፤ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ከኪሴ አይጠፋም።

ሲሮጥ ለማንሳት ሹተሩን ከ1/1000 አላወርድም፣ የምወረውርለትም ኳስ ሰማያዊ ነው። ውሾች ሰማያዊና ቢጫን ይለያሉ፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታቱባቸዋል፤ ስለዚህ ለእኛ ዓይን የሚያምረው ቀይ ኳስ ሣር ላይ ሲወድቅ ለእሱ የጠፋ ያህል ነው። ፍላሽ አልጠቀምም። ዓይናቸው ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላላቸው የዋሁ እንስሳ ጅብ መስሎ ይወጣል።

በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፈው ፎቶ አንሺ ኤሊየት ኧርዊት ለማስታወቂያና ለመጽሔት እየሠራ ነበር የሚኖረው፤ በጎን ግን በየሄደበት ውሾችን ያነሳ ነበር። ምላሻቸውን ለመያዝ አንዳንዴ ራሱ ይጮህባቸው እንደነበር ይታወቃል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ውሻዬ በሐዘኔታ አይቶኝ ፊቱን አዞረ።

ጉዞ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ያለን ውል አጭር ነው፦ ንጋቱ የእኔ፣ ቀኑ የሁላችን። ጎህ ሳይቀድ ማንንም ሳልቀሰቅስ እወጣለሁ፤ እነሱ ሲነቁ ተመልሻለሁ። ቀትር ላይ ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል ካሜራ ብይዝም የማተርፈው ነገር የለም፣ ስለዚህ ውሉን ማክበር አይከብደኝም። "ቆይ፣ ደመናው እስኪያልፍ" እያልክ መንገደኛን ሁሉ ከምታቆም ለብቻህ ወጥተህ እንደልብህ መቆም ይሻላል። ትርፍ ባትሪዎችን በእጅ ሻንጣ እይዛለሁ፤ ሊቲየም ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን ዕቃ ክፍል በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ ጉልበት መለኪያ ነው) ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ካቢን ውስጥ ይገባል፤ የካሜራ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 አያልፍም። ጫፎቻቸው እንዳይነካኩ ግን መሸፈን አለባቸው።

ውሻውን ይዞ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድንገት የሚወሰን ነገር አይደለም። ለምሳሌ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ያስፈልገዋል፤ ቺፑ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ዕለት መግባት አለበት፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ደግሞ ቢያንስ 21 ቀን ይጠበቃል። ከአንዳንድ አገሮች ለሚነሳ ውሻ የደም ምርመራ ይጨመራል፤ ደሙ የሚወሰደው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ሲሆን ደሙ ከተወሰደ በኋላም ለመጓዝ 3 ወር ይጠበቃል። እኔ ውሻዬን የምወስደው በመኪና ለሚደረስበት ቦታ ብቻ ነው። ለሌላው ጉዞ አንዲት ጓደኛዬ ጋ ይቆያል፤ የሐኪሙ ስልክ፣ የሚበላው መጠንና የሚፈራቸው ነገሮች የተጻፉበት ወረቀት አብሮት ይሄዳል። ከሚፈራቸው ነገሮች ውስጥ የካሜራ ትራይፖድ አንደኛ ነው፤ ምን በደለው አላውቅም።

ይህቺው ጓደኛዬ የፎቶዎቼም ጠባቂ ናት። በእኛ ሙያ የታወቀ ደንብ አለ፤ ከፋይሉ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ የሚቀመጠው የእኔ ዲስክ እሷ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የእሷም እኔ ጋ። በየወሩ እንለዋወጣለን፤ ቀጠሮው መርሐ ግብሬ ላይ እንደ ደንበኛ ተመዝግቧል፣ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ልውውጥም ሁልጊዜ እስከ ምሽት ይቆያል። የጓደኞቼን ፎቶ ሥራ ማሳያዬ ላይ ከማውጣቴ በፊት መጀመሪያ እዚያው ቁጭ ብለን እናያቸዋለን፤ "ይቺ አትውጣ" ካለች አትወጣም፣ ምክንያት አልጠይቅም። በቅርቡ የእሷን ዲስክ ሰካሁና አየሁት። ግማሹ የእኔ ውሻ ነው፤ በስልክ የተነሳ፣ ሁሉም ከላይ ወደ ታች።