ስኮር ካርድ፣ ባሪ ቦንድስ እና ዋንጫ ያላገኙ ታላላቆች

ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ናችሁ? ይሄን የምጽፈው በጣም ደስ ስላለኝ ነው። አንድ ሙሉ የቤዝቦል ጨዋታ ከመጀመሪያዋ ኳስ እስከ መጨረሻው አውት (አንድ መቺ ወይም ሯጭ መውጣቱ) ቪዲዮውን ወደኋላ ሳልመልስ በእርሳስ ስኮር ካርድ (የእያንዳንዱ መቺ ውጤት በሳጥን በሳጥን የሚጻፍበት ወረቀት) ላይ መዝግቤ ጨረስኩ፣ ከዛ ከቦክስ ስኮሩ (የጨዋታው የቁጥር ማጠቃለያ) ጋር ሳመሳክረው ልክ ሆኖ ተገኘ።

ስለ አጀማመሬ ብዙ አላወራም። የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው፣ በ2019 የከተማው ቡድን ናሽናልስ በዎርልድ ሲሪስ (የዓመቱ ፍጻሜ፣ 4 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል) ሂውስተንን በ7ኛው ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ነው በዚህ ስፖርት የተለከፍኩት። ህጉን እያየሁ ለመድኩት፣ የተጫዋቾቹን ቁጥርም ያዝኩ (ኳስ ወርዋሪው ፒቸር 1፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ የሚቀበለው ካቸር 2፣ እያለ ራይት ፊልድ ላይ 9 ይደርሳል)፣ 6-4-3 ሲባል ደብል ፕሌይ (በአንድ ኳስ ሁለት አውት) መሆኑ ገባኝ። እስከዚህ ማንም ሰው ይደርሳል።

ከዛ በኋላ ግን የራሴን መንገድ ያዝኩ። ስራ ቦታ ቤዝቦል ሲነሳ ሁሌ አንድ ክርክር አለ፣ "ቀለበት የሌለው ተጫዋች ምኑ ታላቅ ነው?" ይባላል። ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ተጫዋቾች ቀለበት ስለሚሰጣቸው ማለት ነው። ይሄ አባባል ያናድደኛል። ኧርኒ ባንክስ 19 ሲዝን ለቺካጎ ካብስ ተጫውቶ፣ 512 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳ የሚያወጣ ምት) መትቶ፣ በ1958 እና በ1959 በተከታታይ ኤምቪፒ (የዓመቱ ኮከብ) ሆኖ አንድም የፖስትሲዝን (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ለዋንጫ የሚደረግ) ጨዋታ ሳይጫወት ነው የጨረሰው፣ ካብስ ዋንጫውን ያነሳው በ2016፣ እሱ ያረፈው ግን በ2015 መጀመሪያ ላይ። ቶኒ ግዊን በ1998 ዎርልድ ሲሪስ ያንኪስ የሱን ቡድን ፓድሬስን በጨዋታ 4 ለ 0 ሲጠርግ እሱ ብቻውን ከ16 ሙከራ 8 ሂት (ወደ ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ ወደሚቆምበት ጣቢያ፣ የሚያደርስ ምት) ነበረው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ያድርጉ? ስለዚህ ልምምዴን በነሱ ጨዋታዎች ለማድረግ ወሰንኩ፣ የጀመርኩትም ከሁሉም በከበደኝ ነው፣ የ2002 ዎርልድ ሲሪስ 6ኛው ጨዋታ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ከአናሃይም ኤንጅልስ።

ይሄ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ጃያንትስ በጨዋታ 3 ለ 2 እየመሩ ነው የገቡት፣ ያን ቀን ካሸነፉ አለቀ። የጃያንትስ ኮከብ ባሪ ቦንድስ በ6ኛው ኢኒንግ (ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው፣ በየኢኒንጉ ሁለቱም ቡድን በተራ ይመታል) ሆም ራን መታ፣ በ7ኛው 5 ለ 0 ሆነ። እስከዛ ድረስ ካርዴ ንጹህ ነበር። ከዛ በ7ኛው ኢኒንግ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ኤንጅልስ በሚመቱበት ተራ፣ ለጃያንትስ 8 አውት ብቻ ሲቀራቸው፣ አሰልጣኙ ዳስቲ ቤከር ፒቸሩን ረስ ኦርቲዝን አስወጣው፣ ስኮት ስፒዚዮ የገባውን ፒቸር ባለ 3 ነጥብ ሆም ራን መታበት። በዚህ ቅጽበት ነው ካርዱ የሚያስቸግረው፣ ምክንያቱም ከ3ቱ ሯጮች 2ቱ ቤዝ ላይ የደረሱት በወጣው ፒቸር ጊዜ ነው፣ ያገቡት ነጥብም በሱ ስም ነው የሚጻፈው። ይሄን ለመለየት ፒቸር በተቀየረ ቁጥር ከሳጥኑ ስር ወፍራም መስመር አሰምራለሁ፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ሁሉ የአሮጌው ፒቸር ነው። ሌላ ዘዴ አያስፈልግም፣ ይቺ መስመር ብቻ ትበቃለች።

8ኛው ኢኒንግ ይባስ ነው። ዳሪን ኧርስታድ ሆም ራን፣ ቲም ሳልመን ሂት፣ በሱ ቦታ የሚሮጥ ሌላ ሰው ገባ፣ ከዛ ጋሬት አንደርሰን ወደ ሌፍት ፊልድ መታ፣ እዛ ያለው ደግሞ ራሱ ቦንድስ ነው፣ ኳሷን በደንብ ሳይዛት ቀረ፣ ሯጮቹ 2ኛ እና 3ኛ ቤዝ ላይ ቆሙ። ካርዱ ላይ "ኢ-7" ተብሎ ይጻፋል፣ የ7 ቁጥሩ (ሌፍት ፊልድ ላይ ያለው) ስህተት ማለት ነው። ቀጥሎ ትሮይ ግላውስ ደብል (2ኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) መታ፣ ሁለቱም ገቡ፣ በኤንጅልስ 6 ለ 5 አሸናፊነት አለቀ። በማግስቱ ኤንጅልስ 4 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ያቺን ኢ-7 በእጄ ስጽፍ በጣም ነው ያዘንኩት።

ግን የዛኑ ሰውዬ ሌሎቹን ሳጥኖች እዩ። በ7ቱ ጨዋታ 30 ጊዜ ለመምታት ቆመ፣ 13 ጊዜ ዎክ (አራት የተሳሳተ ኳስ ሲወረወርለት በነጻ 1ኛ ቤዝ መሄድ) ተሰጠው፣ ከ13ቱ 7ቱ ሆን ተብሎ። ያኔ እንደዛሬው በምልክት ብቻ አይደለም፣ ካቸሩ ተነስቶ ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ፒቸሩ አራቱንም ኳስ መቺው ከሚቆምበት ሳህን ውጪ በእርጋታ ይወረውራል፣ ቦንድስ ዱላውን ይዞ ያያል። በቀሩት 17 ሙከራዎች 8 ሂት፣ 4ቱ ሆም ራን። እግር ኳስ ላይ ሜሲን ፈልጋችሁ ኳስ ታቀብሉታላችሁ፣ እዚህ ግን ተራው 8 ሰው ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም ተቃራኒው እንዳይመታ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ቀለበት የለውም ብሎ ማናናቅ ለኔ ስንፍና ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

የቦንድስ ስም ከስቴሮይድ ጋር መነሳቱን አውቃለሁ፣ 10 ዓመት ድምፅ ተሰጥቶበት ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የክብር ቤት) ሳይገባ መቅረቱንም። እንዲያም ሆኖ ያንን ምሽት ሳይ ልቤ ከሱ ጋር ነው፣ 7ኛውን ጨዋታ ለመመዝገብ እስካሁን አልጨከንኩም።

ለጀማሪዎች የምለው፣ በአፕ አትጀምሩ፣ ስልኩ ሁሉንም ስለሚሞላላችሁ ምንም አትይዙም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ። ደግሞ ባቲንግ አቨሬጅ (ሂት ለሙከራ ሲካፈል) ላይ አትንጠልጠሉ፣ ዎክንም የሚቆጥረውን ቤዝ ላይ የመድረስን ቁጥር እዩ። የቦስተኑ ቴድ ዊሊያምስ በዚህ 0.482 ነው፣ ከሱ የሚበልጥ እስከዛሬ የለም፣ ግን በ1946 በተጫወተው ብቸኛ ዎርልድ ሲሪስ ከ25 ሙከራ 5 ብቻ ነው የመታው፣ ክርኑን ተጎድቶ ነበር፣ ቦስተንም በ7ኛው ጨዋታ ተሸነፈ። ስላይደርን ከከተር መለየት እስካሁን አልሆነልኝም፣ ስለዚህ የኳስ ዓይነት መመዝገቡን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ቀጣዩ የ1998 ዎርልድ ሲሪስ 1ኛው ጨዋታ ነው፣ ግዊን ያንኪ ስታዲየም ውስጥ የያንኪስ ፒቸር ዴቪድ ዌልስ ላይ ሆም ራን የመታበት። አብሮኝ መመዝገብ የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ፣ ያሰመርኩትን ባዶ ካርድ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ፣ ስንጨርስ እናመሳክራለን።