አቴንስ በ30 ዩሮ፣ ስፓርታ በነፃ

አቴንስ ያደርኩበት ክፍል ከሥሩ ጭፈራ ቤት ነበር። ሲያከራዩኝ ይህን የነገረኝ የለም። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልጋዬ በሙዚቃው ይርገበገብ ነበር። ጠዋት ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ስሞታ ባቀርብለት ትከሻውን ነቅንቆ ዝም አለኝ። ወደ ስፓርታ እንደምሄድ ስነግረው ግን አፉ ተከፈተ። «ስፓርታ? ምን ልትሠራ? እዚያ እኮ ምንም የለም!»

ቱሲዲደስ ይህን አስቀድሞ ብሎታል። አቴንሳዊ ነው፣ በሁለቱ ከተሞች ጦርነት የጦር አዛዥ የነበረ፣ ኋላም የጦርነቱን ታሪክ የጻፈ። ስፓርታ አንድ ቀን ባዶ ብትቀርና መቅደሶቿና መሠረቶቿ ብቻ ቢተርፉ፣ የኋላ ሰው ያን ያህል ኃያል ነበረች ቢሉት አያምንም ይላል። አቴንስ ብትፈርስ ግን ፍርስራሿን ያየ ሰው ኃይሏን እጥፍ አድርጎ ይገምተዋል። የመጣሁት ይህን በዓይኔ ልፈትሽ ነው። (የጥንቱን ዓመት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ብላችሁ አንብቡልኝ።)

አክሮፖሊስ፣ የከተማዋ ጥንታዊ አምባ፣ መግቢያው 30 ዩሮ ነው። ሰልፉ አሰልቺ፣ የሰዉ ብዛት አይጣል። አምባው ላይ ያለው ፓርተኖን፣ የአቴና መቅደስ፣ ግን ያፈዛል፤ አልዋሽም። ከ447 እስከ 432 ነው የተሠራው። ፋርስን ለመመከት ያበሩት ከተሞች የሚያዋጡት ገንዘብ ዴሎስ ደሴት ላይ ይቀመጥ ነበር። በ454 አቴንስ ግምጃ ቤቱን ወደ ራሷ አዛወረችው፤ መዋጮውም ግብር ሆኖ ቀረ። የአቴንሱን መሪ ፔሪክልስን ተቃዋሚዎቹ «በሰው ገንዘብ ከተማዋን ታኳኩላለህ» እያሉ ያብጠለጥሉት ነበር።

ከአክሮፖሊስ ሥር ያለችው ዓለት አርዮስፋጎስ ናት፤ ጳውሎስ የተናገረባት። በነፃ ይወጣባታል፤ በእግር ብዛት ተልጋ ታንሸራትታለች። የሐዋርያት ሥራ የአቴንስ ሰዎች አዲስ ነገር ከማውራትና ከመስማት ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም ይላል። ከጳውሎስ ከዘመናት በፊት ደግሞ አባቶቻቸው ከማዶ ባለው ፕኒክስ ኮረብታ ላይ በሺዎች ተሰብስበው ስለ ጦርነትና ሰላም እጅ እያወጡ ይወስኑ ነበር። ሴት የለ፣ ባሪያ የለ፣ መጤ የለ። በ416 «ከማንም ጋር አንወግንም» ያለችውን የሜሎስን ደሴት ወንዶች ፈጅተው ሴትና ልጆቹን የሸጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ምሳ ላይ ያላዘዝኩት ዳቦ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ መጣ። ተከራከርኩ። አስተናጋጁም ተከራከረ፤ ጎረቤት ጠረጴዛ የተቀመጡትም ገቡበት። በመጨረሻ ከፈልኩ።

የአጎራው፣ የጥንቱ ገበያ፣ ሙዚየም ግን ካሰኝ። አንድ የተጨማደደ የነሐስ ጋሻ አለ። በ425 አቴንሳውያን ፒሎስ አጠገብ ያሉትን የስፓርታ ወታደሮች ከበው 292ቱን ማረኩ፤ 120 ያህሉ የስፓርታ ባለ ሙሉ መብት ዜጎች ነበሩ። ስፓርታዊ ይሞታል እንጂ እጁን አይሰጥም ይባል ስለነበር ግሪክ ሁሉ ተገረመ። ጋሻው ላይ ከማን እንደተማረከ ቀርጸውበታል። ይህን ያህል ጉራ!

ስፓርታ የሚሄደው አውቶቡስ ከኪፊሶስ መናኸሪያ ይነሳል። ጫጫታው ብዙ ሰው ያማርራል፤ መርካቶ አውቶቡስ ተራን የለመደ ግን እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔን ወሰደኝ። የቆሮንቶስን ቦይ ሳላየው አለፍኩ።

ስንደርስ አፌን ያስከፈተኝ 2,407 ሜትር ከፍታ ያለው ታይጌቶስ ነው፤ ጫፉ ላይ ገና በረዶ ነበር። የዛሬዋ ከተማ እንደ ፈረንጆቹ በ1834 የተቆረቆረች ናት፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ጸጥታ፣ ርካሽ ቡና። ጥንታዊው አክሮፖሊስ የወይራ ዛፍ ውስጥ ነው። ከሮማውያን ዘመን የቀረ ቲያትር፣ የተበተነ ድንጋይ፣ አለቀ። ቲኬት ቆራጭ የለ፣ ሰልፍ የለ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

አንድ አዛውንት ወይራ ሲገርዙ አገኘኋቸው። «ሊዮኒዳስ?» አሉኝ፤ እንግዳ ሁሉ የሚፈልገው እሱን፣ የጥንቱን የስፓርታ ንጉሥ፣ ነው መሰለኝ። ከአቴንስ እንደመጣሁ ስነግራቸው አክሮፖሊስ ስንት ከፈልክ ብለው በምልክት ጠየቁኝ። አሥር ጣቶቼን ሦስት ጊዜ ዘረጋሁላቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ቦርሳዬን በብርቱካን ሞልተው፣ በፒክአፓቸው ወደ ኤውሮታስ ወንዝ አወረዱኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል ተቆጡ።

ስፓርታን ብወዳትም ትከብዳለች። ልጅ በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ተወስዶ ለውትድርና ያድጋል። ሴቶቹ ይሮጡ፣ መሬትም ይይዙ ነበር፤ አቴንስ ይህ አይታሰብም። የሚያርሰው ግን ሄሎት የሚባለው ገባር ነው፤ ኤፎር የተባሉት አምስት ሹማምንት በየዓመቱ ጦርነት ያውጁበት ነበር፣ የገደለው ኃጢአት እንዳይሆንበት። ለጋራ ማዕድ የሚጠበቅበትን እህል ማዋጣት ያቃተው ዜግነቱን ያጣል። ከ431 እስከ 404 የዘለቀውን ጦርነት በፋርስ ገንዘብ ባሕር ኃይል አቁመው አሸነፉ፤ የአቴንስን ግንብ በዋሽንት እያጀቡ አፈረሱ። በ371 ግን ሌላዋ የግሪክ ከተማ ቴቤ ሌውክትራ በተባለ ቦታ ላይ ሰበረቻቸው። ውጊያው ላይ ከነበሩት 700 የስፓርታ ዜጎች 400 ያህሉ እዚያው ወደቁ። የሚተካ አልነበረም።

አዛውንቱ ያደረሱኝ የአርጤምስ ኦርቲያ መቅደስ ነው፤ ሣር የወረሰው መሠረት። ልጆች እዚህ መሠዊያው ፊት ይገረፉ ነበር። ከተማዋ ከወደቀች በኋላም ግርፋቱ አልቆመም። በሮማውያን ዘመን ጭራሽ ባሰ፤ አገር ጎብኚ እየመጣ ያይ ነበርና በመጨረሻ ዙሪያውን የተመልካች መቀመጫ ሠሩለት። አጥር እንኳ አያሻንም ይሉ የነበሩት ሰዎች ከተማ፣ ልጆቿ ሲገረፉ ለሚያይ ቱሪስት የድንጋይ ወንበር ደረደረች። አክሮፖሊስ ላይ የተናደድኩበት 30 ዩሮ እዚያ ጋ ቀለለኝ።

በማግስቱ ሚስትራ ወጣሁ። እሱ የቤዛንታይን ጉዳይ ነው፣ ሌላ ጊዜ።